ባሕር ዳር አምስት ፊደል ናት

ሃያ ሰባት ቦታ ላይ «ሃይኩ» የሚለውን «ሐይቁ» ብዬ ተየብሁት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን ያስተየበኝ ልጅ የእጅ ጽሑፉ «ኩ»ን ከ«ቁ» አይለይም። እኔ ደግሞ ጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ «የሐይቁ ውበት አጭርነቱ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ትንሽ ገርሞኝ አለፍሁት እንጂ አልተጠራጠርሁም። ልጁ ሊወስድ መጥቶ ሲያነበው ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ ይኼ እኮ የጃፓን ግጥም ነው!»

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ፔዳ በር አጠገብ ናት። ከተማችንን ለማያውቅ ሰው፦ ፔዳ ማለት የድሮው ፔዳጎጂ አካዳሚ ግቢ ነው፤ ፖሊ ደግሞ የፖሊ ቴክኒኩ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ባጃጅ አስቁሞ «ዩኒቨርሲቲ» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ሥራዬ መተየብ፣ ማባዛት፣ መጠረዝ ነው። ስተይብ አላነብም። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው አያምነኝም እንጂ የሚያነበው ጣቴ ነው። ስሕተት ሳርም ግን አነባለሁ። ያን ቀን ማታ ሃያ ሰባቱን ሐይቅ አንድ በአንድ ወደ ሃይኩ ስመልስ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት።

ሃይኩ ሦስት ስንኝ ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት፤ በድምሩ 17 ድምፅ። ወቅትን የሚናገር አንድ ቃል ይገባበታል። ነገሩን ለሁለት የሚቆርጥ ቃልም አለው፤ እኛ ስናወራ ትንፋሽ ወስደን ዝም እንደምንለው ያለ። ባሾ የሚባለው ባለቅኔ (እ.ኤ.አ. 1644–1694) ከሁሉ በላይ የታወቀበት ግጥም አንዲት እንቁራሪት አሮጌ ኩሬ ውስጥ ስትዘልና ውሃው ሲጮህ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ከእሱ በኋላ የመጣው ቡሶን (እ.ኤ.አ. 1716–1784) ሠዓሊም ባለቅኔም ነበር፤ ግጥሙንና ሥዕሉን አንድ ወረቀት ላይ በአንድ ብሩሽ ያሰፍራቸዋል። ይህ ሃይጋ ይባላል። «ሃይኩ» የሚለውን ስም ያጸናው ደግሞ ሺኪ (እ.ኤ.አ. 1867–1902) ነው፤ ገጣሚ ከቤቱ ወጥቶ ያየውን እንደ ሠዓሊ ይንደፈው ባይ ነበር።

እኔ «በአንድ ብሩሽ» የሚለው ላይ ቆምሁ። ታናሽ ወንድሜ ታፔላ ጻፊ ነው። የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የጭማቂ ቤት ብርጭቆ፣ «ጎሚስታ» የሚል ቀይ ፊደል፣ ሁሉም ከአንድ ብሩሽ ነው የሚወጣው። የባነር ማተሚያ ከገባ ወዲህ ሥራው ሞቷል ባይባልም አልጋ ይዟል። ፊደልና ሥዕል በአንድ ብሩሽ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ጃፓን ልሄድ ነው? እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብሎ ሽሮዬን ይበላል።

ከሥዕሉ በፊት ግን የመቁጠር ጣጣ መጣ። ለእኛ ጆሮ ቶክዮ ሁለት ነው፤ እነሱ «ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ» ብለው አራት ያደርጉታል። ብቻዋን የቆመች «ን» እንኳ አንድ ተብላ ትቆጠራለች። ይህን ሳነብ የራሳችን ፊደል ታየኝ። እኛስ በፊደል ብንቆጥር? ሳድሷ አናባቢ ኖራትም አልኖራትም ወረቀቱ ላይ ቦታዋን ይዛ ተቀምጣለች። የአማርኛ ግጥም ደንብ እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ፤ የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ሲባል የሚቆጠረው በአፍ የሚሰማው ቀለም ነው። አናባቢ የሌላት ሳድስ ከጎረቤቷ ጋር ተጠቅልላ ትሄዳለች። በገጽ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ግን የምታየው ፊደል ነው። እርሳስ ይዤ ወረቀት ጠርዝ ላይ ጻፍሁ፦ ባ፣ ሕ፣ ር፣ ዳ፣ ር። በአፍ ሦስት የሆነችው ከተማ በወረቀት አምስት ናት! ጢስ ዓባይ፣ አምስት። ጣና ሐይቅ፣ አምስት። ደብረ ማርያም፣ ሰባት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ተነሥቶ «ምን ሆነሻል?» እስኪለኝ ድረስ የሰፈሩን ስም ሁሉ በጣቴ ቆጠርሁ።

ካሌንደር ለማድረግ ያሰብሁት የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው። ነሐሴ ሲመጣ የእኔ ቤት ካሌንደር ታትማለች፤ ለሱቁ፣ ለክሊኒኩ፣ ለማኅበሩ። ሥዕላቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ፏፏቴው፣ የጣና ጀንበር፣ ዘንባባው። ለአንድ ጊዜ የራሴን ላትም አልሁ፤ አሥራ ሦስት ወር፣ አሥራ ሦስት ሃይኩ፣ አሥራ ሦስት ሥዕል። ጃፓኖች ሳይጂኪ የሚሉት የወቅት ቃላት መዝገብ አላቸው። የኛ መዝገብ አፋችን ላይ ነው ያለው፤ አደይ፣ ጽጌ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የሐምሌ ጨለማ።

የመጀመሪያውን ለግንቦት ጻፍሁ። ቀትር ላይ ከሱቄ በር የማየው ይኸው ነው፦

በጠራራው—
ሹፌሩ ተኝቷል
እግሩ ውጭ

ወንድሜ ተቀብሎኝ በአንድ ቀን ሠራው። ሰማያዊ ባጃጅ፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ሹፌር፣ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ እግር። አሳሳሉ እንከን የለውም። ጎን ለጎን ሰቀልናቸውና አየናቸው። አንድ ነገር ደበረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሻይ ጠጣን። ተመልሼ አየሁት። ግጥሙ «ተኝቷል» ይላል፤ ሥዕሉ «አዎ፣ ተኝቷል» ይላል። ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ሁለት ሴትዮዎች አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ትደግማለች። ለወንድሜ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳሰላስል እሱ ቀደመኝ።

«እታለም፣ አንች አንዴ ካስተኛሽው እኔ ለምን ድጋሚ አስተኛዋለሁ?»

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ የዘንባባ ጥላ አወረደ፤ ጥላው ላይ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ። ባጃጅ የለ፣ ሹፌር የለ። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ግን ያን ጫማ ሲያይ ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን ባጃጁን፣ ሙቀቱን፣ ሬዲዮው ላይ የሚጮኸውን ኳስ ሁሉ ይሰማል።

ነገሩ የገባን መስሎን ደግሞ በሌላ በኩል ወደቅን። ለታኅሣሥ ስለ ዘጌ ቡና ጻፍሁ፤ እሱ «አልደግምም» ብሎ የእግር ኳስ ሳለ። ለምን ኳስ? «ቡና የሚጠጡት ኳስ እያዩ ነዋ!» ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኼ ነው። ሥዕሉ ከግጥሙ ሲርቅ ርቀቱ ልክ አለው። ልኩ ስንት ነው ብትሉኝ በቁጥር አልነግራችሁም፤ ስናየው ግን ሁለታችንም እኩል እናውቀው ነበር።

ያኔ ነው «እስቲ አባቶቻችን ጽሑፍና ሥዕል እንዴት ያገናኙ እንደነበር እንይ» ብሎ ዘጌ የወሰደኝ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት እሱን በሩቁ ተሳልሜ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ጽሑፎቹን ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። መቅደሱን ዙሪያውን በሸፈነው ሥዕል መካከል «ዘከመ…» እያለ የሚጀምር ትንንሽ ጽሑፍ አለ፤ እንዲህ እንደሆነ፣ እንዲህ እንዳደረጉት የሚል። ወንድሜ ልብ ያለው ግን ዓይኑን ነው። ጻድቃኑ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። «ይኼ ያለ ጽሑፍ ይነበባል» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ ጽሑፉ የታሪኩን ስም ይነግራል እንጂ ሥዕሉን አያብራራም፤ ሌላውን ቄሱ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ይተርኩታል። የኛ ካሌንደር ግን ቄስ የላትም። ስትሰቀል ብቻዋን ነው የምትሰቀለው።

ስንመለስ ሐምሌን ሠራን። የዚያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ የሆነ ነው፦

ጨለማ ሆነ—
ጉማሬ ተነፈሰ
እዚሁ ኖሮ

ወንድሜ ሥዕሉን ሲያመጣ ገጹ በሙሉ ጥቁር ነው። ከዳር እስከ ዳር። ግጥሙ መሀሉ ላይ በነጭ። «ጉማሬውስ?» አልሁት። «እየተነፈሰ ነው» አለኝ። ሥዕሉን ወደድሁት፤ የቶነሩን ዋጋ ሳስብ ግን ላብ አሰመጠኝ። አንድ ሙሉ ጥቁር ገጽ ስንት የተማሪ ጽሑፍ የሚያትም ቀለም እንደሚበላ ሥራው ያላቸው ያውቁታል። «ግራጫ አናደርገውም?» ብዬ ጠየቅሁ። በግራጫ አሳተምሁና አየሁት፤ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ይመስላል። ወደ ጥቁሩ ተመለስን። በካሌንደሯ ከተገኘችው ትርፍ ግማሹን ሐምሌ በልታዋለች።

ጥቅምት ላይ ስለ እንቦጭ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሌላ ምን ይጻፋል? አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሚባልበትም 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩ እጅግ ስስ ነው፤ ለአረሙ መኝታ የተነጠፈለት ያህል ነው። በተለይ በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ክረምቱ ሲወጣ ውሃውን ሸፍኖ ሜዳ ያስመስለዋል። አምስት ሃይኩ ጻፍሁ፤ አምስቱም ስብከት ሆኑ። «እንነሣ»፣ «ወዮ»፣ «አደራ»። በ17 ፊደል መሪ መፈክር መጻፍ ቀላል ነው፤ ቀበሌም ይችለዋል። ደክሞኝ ተውሁትና አንድ ቀን በፎገራ በኩል ስንመለስ ያየሁትን ሰው አስታወስሁ። የእንቦጭ አበባ ሐምራዊ ነው፤ መናገሩ ያሳፍራል እንጂ ያምራል።

ውብ አረም—
ቀዛፊው ቆሟል
እጁ በአፉ

ለዚህ ወንድሜ የሳለው ገጹን የሚሞላ አንድ አበባ ነው፤ እንደ ሠርግ ጥሪ ወረቀት ያማረ። ያ ነው የሚያመው።

አሁን ስለ የኔታ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የዘለቁ ሽማግሌ አሉ። የሚባዛ ወረቀት ባገኙ ቁጥር ወደኔ ነው የሚመጡት። የመስከረምን ገጽ ግድግዳ ላይ ሰቅየው ነበር፦

ጣና ሲነጋ
ጤዛን የጫነች
ያች ታንኳ

ሥዕሉ የሣር ጎጆ በር ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ መቅዘፊያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የኔታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ግጥም ነው የኔታ። የጃፓን ዓይነት።»

«ሦስት ቤት ሳይ ዘአምላኪየ የሚባለው ቅኔ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ግን አይመታም።» እንደገና አነበቡት። «ሰሙን አየሁት፤ ታንኳ ነው፣ ጤዛ ነው። ወርቁ የታለ?»

«ወርቅ የለውም የኔታ። ሰም ብቻ ነው።»

«ሰም ብቻ!» አሉና ኮፒያቸውን አጥፈው ሄዱ። በሁለት ቃል ድህነቴን የነገሩኝ መሰለኝ። ቅኔ ቤት ትንሿ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ሆና ሰምም ወርቅም ትሸከማለች፤ እኔ ሦስት ስንኝ ይዤ ታንኳ ላይ ጤዛ ብቻ ጫንሁ። ገጹን ላወርደው ሁሉ ከጅሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የሚባዛ ነገር አልያዙም። ከበሩ ሳይገቡ፣

«ልጄ፣ የታንኳዋ ባለቤት ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«የትኛዋ ታንኳ?»

«ጤዛ ያደረባት ታንኳ ሌሊቱን ውሃ አልነካትም ማለት ነው። መቅዘፊያውም ደጁ ላይ ቆሟል። ሰውየው አሞት ነው? ወይስ…» አልጨረሱትም።

ምን ልበል? እኔ ያየሁት ጤዛ ነው። ደንገሉ ላይ ሲያብረቀርቅ ደስ ብሎኝ ጻፍሁት። መቅዘፊያውን ወንድሜ የሳለው ታንኳ አልደግምም ብሎ እንጂ ስለ ባለቤቱ አስቦ አይደለም።

«አላውቅም የኔታ» አልሁ።

«እኔ እንኳ ሦስት ቀን አሰብሁት» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቡና አፈላሁ። የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ጫማው ላይ ሳቁ፣ ጥቁሩን ገጽ ግን «ማተሚያሽ ተበላሽቶ ነው?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ እንደ የኔታ አይደለም በርግጥ። ካሌንደሯ ስትሸጥ የብዙው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «አዲሱ ድልድይ የታለ?» በ2016 ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ ከተማው ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ይወጣል፤ እኔም ተነሥቻለሁ። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ሳለው። እኔ ግን ስለ እሱ የጻፍሁት ሁሉ የምረቃ ንግግር ሆነብኝ። ድልድዩ ራሱ ጮክ ብሎ ስለሚናገር ይሆናል። ተውነው። አንድ ደንበኛ በዚህ ተቀይሞ ሳይገዛ ሄዷል።

አያቴ ግን የጳጉሜን ገጽ ባየች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፦

ጳጉሜ ጣለ—
አያቴም ወጣች
ሻሽ ፈትታ

«ሰው የሚያየው ወረቀት ላይ ፀጉሬን ታወጫለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ለዚህ ገጽ ወንድሜ የሳለው ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ሻሽ ብቻ ነው፤ ፀጉሯን ማንም አላየም። ብነግራትም አልተቀበለችኝም። አንድ ቅጂ ግን ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላለች፤ ዓመቱ ገና መስከረም ሆኖ ሳለ የተገለጠው ጳጉሜ ነው።

ሽፋኑ ነበር የቀረው። ለሽፋኑ «ባሕር ዳር» ብሎ የሚጀምር ሃይኩ ልጽፍ ወሰንሁ፤ አምስት ፊደሏን ከተማዋ ራሷ ሰጥታኛለች፣ የቀረኝ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አሥራ አምስት ቀን ቆየሁበት። ስሟን አንዴ ካስቀደምሁ የሚከተለው ሁሉ ሙሽራ፣ ዕንቁ፣ እመቤት ይሆንብኛል። የሠርግ ዘፈን እንጂ ሃይኩ አልወጣልኝም። የምናትምበት ቀን ሲደርስ ወንድሜ ስሟን ብቻ በታፔላ ፊደል አሳምሮ ጻፈው፤ ከሥሩ ሁለት የነጠብጣብ መስመር አሰመረ፣ እንደ ፎርም። «የሚሞላው ይሙላው» አለ። የማሳያዋን ቅጂ ሱቅ በር ላይ ሰቀልናት፤ እስክሪብቶ በክር አሠርንላት።

እስክሪብቶው በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ሌላ አሠርሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ተጋፍተው ሲያስባዙ ቆዩና ሲበተኑ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ሞልቶታል፤ ማን እንደሆነ አላየሁም፦

ባሕር ዳር
ኪራይ ተጨመረ
የት ልግባ

እርሳሴን አንሥቼ ቆጠርሁለት። አንድም አልሳተም።